አበባው ከረገፈ በኋላ ዛፉ ምን ይሠራል?

ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ስልክ ሳያወጡ መንገድ መሻገር ይከብዳል። የድሬዳዋ ዛፉ ቀይ በቀይ ሆኖ፣ ጃካራንዳው የቀረችውን ሐምራዊ አበባ አስፋልቱ ላይ አራግፎ፣ ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ይሆናል። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ተመራቂዎች ይመጣሉ፣ ባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ቆም ብሎ ያነሳል። እኔም አነሳለሁ። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አበባው ቢቆይ ቢቆይ ስድስት ሳምንት ነው። ቀሪውን አሥር ወር ተኩል ከዛፉ ጋር የምንኖረው አበባ ሳይኖረው ነው።

ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ አሥር ወር ነው። የመንገድ ዛፍ መመረጥ ያለበት አበባ በሌለው ጊዜ በሚሰጠው ነገር ነው ባይ ነኝ። ጥላ ይሰጣል ወይ? ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል ወይ? ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ይገለብጣል ወይ? ፍሬው ይበላል ወይስ ያሳምማል? አበባውማ ምርቃት ነው።

ባሕር ዳርን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ቀልድ የለውም። ሰፋፊዎቹ ቀጥ ያሉ መንገዶቿ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀርመኖች ያወጡት ማስተር ፕላን ውርስ ናቸው፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደንቀውም የመንገዱን ስፋትና ግራና ቀኝ የተደረደረውን ዘንባባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ ለከተማዋ የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጥቷታል። ውብ ከተማ ናት፣ አልክድም።

ዘንባባውን ግን አልወደውም። ይቅርታ። በፖስትካርድ ላይ ያምራል፣ ጥላው ግን ለራሱም አይበቃው። ሰባት ሰዓት ላይ ከዘንባባ ሥር የቆመ ሊስትሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ወረፋ የሚጠብቁት ባጃጆች፣ ሁሉም የድሬዳዋ ዛፍ ካለበት ሥር ናቸው። የከተማው ሰው የትኛው ዛፍ እንደሚጠቅም በእግሩ ድምፅ ሰጥቶ ጨርሷል።

እንግዲህ ከድሬዳዋ ዛፍ እንጀምር። ስሙ ድሬዳዋ ይሁን እንጂ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። በዱር በቅሎ የሚገኘው እዚያ ብቻ ሆኖ፣ ዛሬ ግን ሙቀት ያለበት አገር ሁሉ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። አበባውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አምስት ቅጠል አለው፤ አራቱ ቀይ ናቸው፣ አምስተኛው ግን ከፍ ብሎ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ አለበት። ብዙ ሰው ከሩቅ ፎቶ አንስቶ ስለሚሄድ ይቺን አያያትም።

የዚህ ዛፍ ትልቁ ጸጋ ቁመቱ አይደለም፤ ወደ ጎን መዘርጋቱ ነው። አሥር ሜትር ቢያድግ ከቁመቱ በላይ ይሰፋል። አንድ ዛፍ ሥር አንድ ሙሉ ቡና ቤት ከነበርጩማው፣ ከነከሰሉ፣ ከነደንበኞቹ ይቀመጣል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሥሩም እንደ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ወደ ታች ብዙም አይገባም። ጠባብ እግረኛ መንገድ ላይ ከተከላችሁት ከጥቂት ዓመት በኋላ ታይልሱ ይነሳል፣ ኮብልስቶኑ ያብጣል፣ አጥር ይሰነጠቃል። እንጨቱም ጠንካራ አይደለም። የክረምት መግቢያ ነፋስ ሲመጣ ትልልቅ ቅርንጫፎች ይወርዳሉ፤ በዚያ ሰሞን መኪናችሁን ሥሩ ካቆማችሁ ዕዳው የራሳችሁ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፍሬው አለ። ግማሽ ሜትር የሚደርስ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ጥቁር ቡናማ ቆባ ነው፤ ዛፉ ላይ ወራት ተንጠልጥሎ ይከርማል። አንዳንዱ ሰው ዛፉን ያስጠላዋል ይላል። እኔ እወደዋለሁ። ሲደርቅ ውስጡ ያለው ዘር ይንቀጫቀጫል፣ ልጆች ይዘውት ሲያንሿሹት የሰፈሩ ሙዚቃ ይሆናል። በካሪቢያን ደሴቶችም ሰዎች ይህንኑ ፍሬ የሙዚቃ መሣሪያ አድርገው ይመቱበታል፤ ልጅነት የትም አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። የድሬዳዋ ዛፍ ውኃ ሲያጥረው ቅጠሉን ያራግፋል። ጃካራንዳም እንደዚያው። መቼ? በበጋው መጨረሻ፣ ማለትም ፀሐዩ አናታችንን በሚበሳበት ሰሞን! ሐይቁ ዳር ያለው ሥሩ ውኃ ስለሚያገኝ ቆየት ይላል፤ ከሐይቁ ርቆ አስፋልት መሐል የታሰረው ግን መጋቢት ላይ ራቁቱን ይቆማል። ጥላ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ጥላ የለውም። አበባው የሚያምረው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው፣ ቅጠል ስለማይሸፍነው። ውበቱና ጉድለቱ አንድ ናቸው እንግዲህ፣ ምን ትሉታላችሁ።

ጃካራንዳ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ ከሰሜን ምዕራብ አርጀንቲናና ከቦሊቪያ አካባቢ። በአፍሪካ ስሙን የተከለችው ፕሪቶሪያ ናት፤ እዚያ 70,000 የሚጠጉ ጃካራንዳዎች አሉ ይባላል፣ ከተማዋም የጃካራንዳ ከተማ እየተባለች ትጠራለች። የእነሱ ፀደይ ጥቅምት ላይ ስለሆነ አበባውም ያኔ ነው። የሚገርመው ደቡብ አፍሪካ ዛሬ ይህንን ዛፍ በወራሪ ዕፅዋት መዝገብ አስገብታዋለች። ዘሩ በነፋስ እየበረረ ወንዝ ዳር ይበቅላል፣ የአገሩን ዕፅዋት ይገፋል። ስለዚህ ያሉትን ዛፎች ይንከባከባሉ፣ አዲስ መትከል ግን በሕግ የተገደበ ነው። ከተማ በስሙ እየተጠራች አትትከሉት ማለት፣ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የእኛ አገር ጃካራንዳ እስካሁን እንደዚያ አልፈነጨብንም። መቀሌን ያያችሁ ጃካራንዳ ለደጋማ ከተማ ምን ያህል እንደሚስማማ ታውቃላችሁ። ከድሬዳዋ ዛፍ ይልቅ ቅዝቃዜ ይችላል፣ አዲስ አበባ ድረስ ይወጣል፤ የድሬዳዋ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ብትተክሉት ግን ይኮራመታል። ሥሩም የተሻለ ጨዋ ነው።

መንገድ ጠራጊዎቹን ግን ጠይቁ። አንድ ቀን ጠዋት ሐምራዊውን ምንጣፍ እያደነቅሁ ፎቶ ሳነሳ፣ መጥረጊያ የያዙ እናት ቀና ብለው አዩኝና፣ «ቶሎ አንሳ ልጄ፣ ልጠርገው ነው። ስጨርስ መልሶ ያወርደዋል» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ደረቅ ሲሆን እሺ ይላል። ጤዛ ወይ ዝናብ ካገኘው ግን ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሰውም ያንሸራትታል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የረጠበ የጃካራንዳ አበባ ላይ ብሬክ የያዘ ባጃጅ ማየት ደስ አይልም። የአበባ ዛፍ ስንመርጥ የሚጠርገውን ሰው የሚያማክር አለ? አይመስለኝም።

ስፓቶዲያን ቶሎ ልለፈው። ብርቱካናማ ቀይ፣ ጽዋ የሚመስል ትልልቅ አበባ ያለው ነው። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ የተፈጥሮ አገሩ ነው። ልጅ ሆናችሁ ያልተከፈተውን እንቡጥ ነቅላችሁ ጫፉን ስትጫኑት ውኃ የሚተፋው እሱ ነው፤ የክፍል ጓደኛን ፊት ለመርጨት የተፈጠረ ይመስላል። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ነፋስ ይሰብረዋል፣ ስለዚህ ቤት አጠገብ አይሁን። በፓስፊክ ደሴቶች ደግሞ ጫካ ወርሮ አስቸግሯል፤ ከዓለም 100 ክፉ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሰፊ መናፈሻ መሐል አንድ ሁለት ቢኖር ግን አልቃወምም።

ቦትል ብራሽ፣ ያው ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ቀይ አበባ ያለው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ለጠባብ ቦታ ጥሩ ነው። ትንሽ ነው፣ ሽቦ አይነካም፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፣ ንብ ይወደዋል። ግራቪሊያም አውስትራሊያዊ ነው፤ ወርቃማ ቢጫ አበባ እንዳለው ስንቱ ሰው ያውቃል? ግቢ ሁሉ ሞልቶ እያለ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ቅርንጫፉ ግን ተሰባሪ ነው።

አንዱን ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። በብዙ ከተሞች አስፋልት አካፋይ ላይ የሚተከለው ኦሊያንደር፣ ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ፣ ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። አጥር ላይ የሚታየው ቢጫ ደወል የመሰለ አበባ ያለው ዘመዱም እንዲሁ፤ በተለይ ፍሬው። ድርቅ ይችላል፣ ፍየል አትነካውም፣ ለዚህ ነው የሚመረጠው። ፍየል ያልነካችውን ነገር ግን ልጅ አፉ ሊከተው ይችላል። ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናት አጠገብ ለምን ይተከላል? ቅርንጫፉን ጥብስ መጥበሻ እንጨት የሚያደርግ ሰው ካያችሁም አስቁሙት።

እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ እንግዶች ናቸው። እንግዳ መሆን ወንጀል አይደለም፣ ቃሪያና ድንችም እንግዳ ናቸው። ግን ከተማችን ከጫካ ዳር እየኖረች፣ የጫካውን አበባ መንገዷ ላይ አታውቀውም። ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ሂዱ። ከቡናው በላይ የሚያጠላውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ብርብራ ነው፣ ዋንዛ ነው፣ ሰሳ ነው። የገዳማቱ ጫካ ለዘመናት ያቆያቸው ዛፎች። ከተማ ሲገቡ ግን ይጠፋሉ።

ብርብራን ውሰዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው። ሐምራዊ አበባ በዘለላ ያወጣል፤ ጃካራንዳን ለቀለሙ ብላችሁ ከተከላችሁት ብርብራስ ምን አነሰው? ንብ ይሰፍርበታል፣ አፈር ያለመልማል፣ ገበሬ ለቡና ጥላ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ እንደ ጃካራንዳ ከሩቅ አይጮህም፣ ቅጠል መሐል ሆኖ ነው የሚያብበው፤ ፎቶ ላይ ይሸነፋል። ሥሩ ለተቀመጠ ሰው ግን ያሸንፋል።

ብርብራ አንድ ጉድ አለበት፣ ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዘሩ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ በእጅ ይለቀማል። አያቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር፣ ጥቂት ሰው ለራት ያህል ሲያደርገው ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። አሁን ግን ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ፣ በብርብራ መንገዱን የሚጠብቁት አሉ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። ጣና ውስጥ ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ስለዚህ ብርብራን ከተማ ውስጥ እንትከል ስል፣ ውኃ መውረጃ ቦይ ዳር አይሁን እላለሁ። ዘሩ ቦይ ገብቶ ሐይቁን ይመርዛል ብዬ አይደለም፣ ሳይወቀጥ ያን ያህል ኃይል የለውም። ዘሩን ለሚፈልገው ሰው ደጁ ድረስ ባናደርስለት ይሻላል ብዬ ነው።

ኮርች ደግሞ አለ። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው አጥር አድርጎ ነው የሚያውቀው። ገጠር ውስጥ ቅርንጫፍ ቆርጠህ መሬት ትሰካለህ፣ ይበቅላል፣ አለቀ። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ደማቅ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ ግራጫ ነው። ወፎች ጠዋት ጠዋት ይንጫጩበታል፣ ወለላውን ፍለጋ። ከድሬዳዋ ዛፍ ጋር ላወዳድረው አልፈልግም፣ ጥላው አነስተኛ ነው፣ እሾህም አለው። እግረኛ መንገድ ላይ አይሁን። ግን ዙሪያ አጥር፣ የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ፣ ከከተማ መውጫ መንገዶች ግራና ቀኝ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ዘሩ ያምራል፣ መበላት ግን የለበትም፤ ይህንን ለልጆች መንገር ያስፈልጋል።

ዋንዛን ስጠራ ሁሉም ሰው ጣውላውን ነው የሚያስበው። ወንበሩ፣ በሩ፣ ከበሮው ሳይቀር። አበባውን የሚያይ የለም። ነጭ ነው፣ ዛፉን ሙሉ ይሸፍነዋል፣ ንብ የሚጠግብበት ነው፤ የዋንዛ ማር የቀመሰ ያውቃል። ፍሬውም ቢጫ፣ ጣፋጭ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ። ከተማ ውስጥ ለምን አይተከልም ብዬ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ልጆች በድንጋይ እየወገሩ ፍሬ ሲያወርዱ የመኪና መስታወት ይሰብራሉ ብለው ይፈራሉ» አለኝ። ሳቅሁ፣ ግን እውነት አለው። ፍሬው መኪና ላይ ሲወድቅም ይጣበቃል። ስለዚህ መኪና ማቆሚያ ላይ አይሁን፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይሁን። ልጅ በልቶት የሚያድገው ዛፍ ከተማ ውስጥ አንድ እንኳ ይኑር እንጂ።

ዋንዛም በጋ ላይ ቅጠል እንደሚያራግፍ አውቃለሁ፣ እንዳትቀድሙኝ። ለዚህ ነው ዶቅማን የማነሳው። ዶቅማ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥሩ ሽታ ያለው አበባ አለው፣ ፍሬው ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይበላል። መጋቢት ላይ የድሬዳዋው ራቁቱን ሲቆም ዶቅማው ጥላውን ይዞ ይጠብቃል። ፍሬው ሲረግፍ ድንጋይ ያጠቁራል፣ እሱ ጉዳቱ ነው፤ አፈር ወይ ሣር ላይ ከተተከለ ማንም አይጨነቅበትም። የእኔ ምርጫ እንግዲህ ቅይጥ ነው። ሁለት የድሬዳዋ ዛፍ፣ መሐሉ ላይ አንድ ዶቅማ። አበባ የፈለገ አበባውን ያገኛል፣ ቡና የምታፈላዋም በመጋቢት ቦታ አትቀይርም።

አንድ መንገድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዛፍ መደርደር ለዓይን ደስ ይላል፣ በተለይ ከድሮን ሲነሳ። ግን አንድ በሽታ ወይ አንድ ነፍሳት ከገባ ሁሉንም በአንዴ ይጨርሳል። ቅይጥ ሲሆን አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። አበባውም ይፈራረቃል፤ ኮርች በበጋ፣ ጃካራንዳ ቀጥሎ፣ የድሬዳዋው ግንቦት ላይ፣ ዋንዛ ደግሞ በራሱ ጊዜ። ንብ አንድ ወር ጠግቦ አሥራ አንድ ወር አይጾምም።

ሽቦ። ይህን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የድሬዳዋ ዛፍ ወይ ጃካራንዳ ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መጥቶ አናቱን መቁረጥ፣ ከዚያ በየዓመቱ መቁረጥ። የተቆረጠው ዛፍ ከጉቶው ዙሪያ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያበቅላል፣ እሱ ደካማ ነው፣ በነፋስ ይወድቃል፣ ሽቦውንም ይዞት ይወርዳል። ቅርጹም ይበላሻል፣ አበባውም ይቀንሳል። ሽቦ ካለ ቦትል ብራሽ ትከሉ፣ ወይ ምንም አትትከሉ። ሽቦ በሌለበት በኩል ሰፊውን ትከሉ። ቀላል ነገር ነው፤ መንገዱ ሁለት ዳር አለው እኮ።

ለመትከል ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት የእጅ ሥራ ነገር። የድሬዳዋ ዛፍ ዘር ልጣጩ ድንጋይ ነው፤ እንዲሁ ብትቀብሩት ወራት ይተኛል። የፈላ ውኃ አውርዳችሁ ትንሽ ፋታ ስጡት፣ ዘሩን ጨምሩበት፣ እንዲሁ ይደር፤ ያበጠውን ዝሩ። ጃካራንዳ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ዘሩ ስስ ነው፣ ቶሎ ይበቅላል። ዘር የዘራ ሰው ግን አበባ ለማየት ዓመታት መጠበቅ አለበት፣ አምስትም ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱን ከፕላስቲኩ በጣም ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ፕላስቲኩን አውጡ (አዎ፣ ከነፕላስቲኩ የሚተክል አለ)፣ ሐምሌ ላይ ትከሉ፣ ዙሪያውን በእንጨት እጠሩ። ፍየል ኦሊያንደርን ትለፈው እንጂ ለጋ ዶቅማን አትምርም።

ዋናው ሥራ ግን ከመስከረም በኋላ ነው የሚጀምረው። ችግኝ የተተከለበት ቀን ፎቶ አለው፣ ኮፍያና ቲሸርትም አለው። የካቲት ላይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያጠጣውን ሰው ግን ማንም አያነሳውም። የመጀመሪያውን በጋ ካለፈ፣ ሁለተኛውን በግማሽ ውኃ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ነው። እኛ ሰፈር የተረፉት ዛፎች ሁሉ ከሱቅ ወይ ከቡና ቤት ፊት ያሉት ናቸው። የዕቃ እጣቢ ውኃ ሳይቀር እየተደፋላቸው አድገዋል። ጠባቂ የሌለው አካፋይ ላይ የተተከለው ደርቋል። ስለዚህ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ማን ሥሩ ሊቀመጥ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ እሱ ያጠጣዋል።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የምትተክሉ ካላችሁ ችግኝ ጣቢያ ሂዱና ብርብራና ዶቅማ ጠይቁ። አንዳንዴ የለም ይሏችኋል፤ ግራቪሊያና ጃካራንዳ የሚያፈሉት ሰው የሚጠይቃቸው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው፣ ደጋግሞ የሚጠይቅ ከመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ያፈላሉ። ኮርች ግን ጣቢያ ፍለጋ አያስፈልገውም። ከከተማ ወጣ በሉ፣ አጥሩ ኮርች የሆነ ገበሬ ፈልጉ፣ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ለምኑት። አይከለክላችሁም። ለአጥር እንጂ ለአበባው ብሎ የመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ፣ ምናልባት ሁለቴ ይጠይቃችሁ ይሆናል።